ዝምታ መስሎኝ የጻፍኩት «አዎ»

ሦስት ሳምንት ሙሉ «ዝም አሉ» እያልኩ የጻፍኩላቸው እማማ ዝም አላሉም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተርስ ጽሑፌን የሠራሁት በ2014 ዓ.ም. ነው። ቦታው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ብዙም የማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር፣ በተለይ የመድኃኒት መስጫው መስኮት። የመረጥኩት ለቤቴ ስለሚቀርብ ነው። ሌላ ጥልቅ ምክንያት ነበረኝ ብዬ አልዋሽም። ጥያቄዬም አጭር ነበረች። መድኃኒት የምትሰጠው ልጅና ታካሚው በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ እንዴት ይግባባሉ?

ፈቃድ አግኝቼ በስልኬ ቀዳሁ። ጤና ጣቢያው መንገድ ዳር ነው። ሲኖትራክ ያልፋል፣ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል። ስለዚህ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ቀረጻውን ሁሉ በድምፅ ማጥሪያ መተግበሪያ አሳለፍኩት። ጥርት አለልኝ። ከዚያ ቁጭ ብዬ መገልበጥ ጀመርኩ።

ከግልባጩ አንዱ እንዲህ ይላል። ልጅቷ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ትላለች። እማማ ዝም። «ምግብ ከበሉ በኋላ ነው» ትላለች። እማማ ዝም። «ገባዎት?» ትላለች። አሁንም ዝም። እንዲህ ያለ ዝምታ በሌሎች ቀረጻዎች ላይም ሞልቷል። በተለይ ዕድሜያቸው ገፋ ባሉት ላይ።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። ግኝት አገኘሁ! ስለ ዝምታ 11 ገጽ ጻፍኩ። ሥልጣን፣ ነጭ ጋዋን፣ የመደብ ልዩነት፣ የባለጉዳይ ፍርሃት፣ ያልጨመርኩት የለም።

አንድ የሥነ ልሳን፣ ማለትም የቋንቋ ጥናት፣ ተማሪ ጓደኛ አለችኝ። አነበበችውና ፊቷ ቅጭም አለ። «ዋናውን ቀረጻ አሰሚኝ፣ ያልተጣራውን» አለች። አሰማኋት። ጄኔሬተሩ እያንጎራጎረ፣ ሲኖትራኩ እያለፈ፣ በመሃል አንዲት ትንሽ ድምፅ አለች። አየር ወደ ውስጥ ሳብ የሚደረግባት፣ አጭር፣ እንደ ትንፋሽ ያለች። ሦስቱም «ዝምታ» ላይ አለች።

እማማ ሦስቴ «አዎ» ብለዋል።

ይህችን ድምፅ የማያውቅ አበሻ የለም። እናቶቻችን ሲያወሩ በየመሃሉ አየሩን ሳብ ያደርጋሉ። እኛም እናደርገዋለን፣ ግን አናውቀውም። የውጭ አገር እንግዳ ሲሰማን የደነገጥን ይመስለዋል። የሚገርመው ብቻችንን አይደለንም። በሰሜን ስዊድንና በኖርዌይም ሰዎች «አዎ»ን ወደ ውስጥ እየተነፈሱ ይላሉ። እኔ ራሴ እናቴ ስታደርገው እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ግን ኮምፒውተሩ ሲያጠፋብኝ ልብ አላልኩም።

ይህንን የምጽፈው የሰው ልጅ ተግባቦትን ለማጥናት ለምትዘጋጁ፣ በተለይ ፕሮፖዛላችሁ ላይ «ኢንተርዲሲፕሊነሪ» (ብዙ የጥናት ዘርፎችን ያጣመረ) የሚል ቃል ለጻፋችሁ ነው። እኔም ጽፌው ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

መጀመሪያ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ቂሊንጦ በኩል ካለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ የኤሌክትሪካል ሰው ነው። «ለምንድነው ያጠፋብኝ?» አልኩት። ሳቀ። ማጥሪያው የሰው ድምፅ ብሎ የሚጠብቀው ነገር አለ አለኝ። ጉሮሮ ሲንቀጠቀጥ የሚወጣውን ዓይነት። ትንፋሽ ግን ለእሱ ከነፋስና ከሞተር ጋር አንድ ነው። «ማሽኑ ሥራውን ነው የሠራው። ጫጫታ አጥፋ አልሽው፣ አጠፋ።»

እኔ ደግሞ ምዕራፍ ሁለት ላይ የክሎድ ሻነንን ሥዕል አስቀምጫለሁ። ላኪ፣ መስመር፣ ተቀባይ፣ ከመሃል ጫጫታ። አገራችን ውስጥ ተግባቦት የተማረ ሰው ይህን ሥዕል ያልገለበጠ ያለ አይመስለኝም። ሻነን የቤል ስልክ ላቦራቶሪ ሰው ነበር። ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። የመልእክቱ ትርጉም ለምሕንድስናው ጥያቄ አግባብ እንደሌለው ራሱ መግቢያው ላይ ጽፎታል። እሱ የፈለገው መልእክቱ ሳይበላሽ እንዲደርስ ነው። እኛ ግን ሥዕሉን ወስደን የትርጉም ማስረጃ አደረግነው። ጫጫታው የቱ እንደሆነ የሚወስን ሰው እንደሚያስፈልግ ያየሁት ጎረቤቴ ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ይበልጥ አሳፈረኝ። ጓደኛዬ ስለ ጌይል ጄፈርሰን ነገረችኝ። ጄፈርሰን በ1960ዎቹ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዳንስ የምታጠና ተማሪ ነበረች። የሶሲዮሎጂስቱን የሃርቪ ሳክስን ኮርስ የገባችው ለመስፈርት ማሟያ ነው። ከዚያ በፊት በጸሐፊነት ተቀጥራ ቀረጻ ትገለብጥ ነበር። በኋላ እሷ ያወጣችው የግልባጭ ምልክት ዛሬ የንግግር ተንታኞች ሁሉ መጻፊያ ነው። ዝምታው በሰከንድ ይለካል፣ ሁለት ሰው እኩል ሲናገር በቅንፍ ይታሰራል። ወደ ውስጥ ለሚሳብ ትንፋሽም ምልክት አለው። የትንፋሹን ፊደል ትጽፉና ከፊቱ ነጥብ ታስቀምጣላችሁ። በእኛ ፊደል «.ህህ» ብዬ እጽፈዋለሁ። ነጥቡ ከሌለ ወደ ውጭ የወጣ ትንፋሽ ነው።

ስለዚህ የእኔ ችግር እኔ ሳልወለድ መፍትሔ ነበረው። ግን በሌላ ዲፓርትመንት መደርደሪያ ላይ። እኔ ደረጃውን ወጥቼ አልጠየቅኩም።

ሳክስ ራሱ የተነሳበት ነገር ደስ ይለኛል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ራሳቸውን ለማጥፋት ያሰቡ ሰዎች ጉዳይ በሚጠናበት የሎስ አንጀለስ ማዕከል ውስጥ ሆኖ የስልክ ቀረጻዎችን ያዳምጥ ነበር። ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ ስሙን ይናገራል። ያን ጊዜ ደዋዩም ስሙን ይናገራል ተብሎ ይጠበቃል። አንዱ ደዋይ ግን «አልሰማሁህም» ይላል። ሠራተኛው ስሙን ይደግማል። በዚያ መሃል የደዋዩ ስም ሳይነገር ያልፋል። ሶሲዮሎጂስቱ ሳክስ «ይህ ሰው በእርግጥ አልሰማም ወይስ ስሙን ላለመናገር ነው?» ብሎ ጠየቀ። ይኸው ነው፤ ከዚያ የንግግር ትንተና የሚባለው የጥናት ዘርፍ በቀለ። ሳክስ፣ ሼግሎፍና ጄፈርሰን ስለ ንግግር ተራ የጻፉት ትልቁ ጽሑፍ በ1974 የወጣው በሥነ ልሳን መጽሔት ላይ ነው። ሶሲዮሎጂስቶች የቋንቋ ሰዎች ቤት ገብተው ማለት ነው።

አሁን ወደ እኔ ቤት ልውሰዳችሁ።

የንግግር ተንታኞች «ዳታ ሴሽን» የሚሉት ልማድ አላቸው። ሰው ይሰበሰባል፣ አንድ አጭር ቀረጻ ደጋግሞ ይሰማል፣ እያንዳንዱ ያየውን ይናገራል። እኔም እሁድ ከሰዓት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና አፍልቼ ጠራኋቸው። የሥነ ልሳኗ ጓደኛዬ፣ ኢንጂነሩ ጎረቤቴ፣ ሥነ ሰብ (አንትሮፖሎጂ) ያጠና አንድ ልጅ፣ እና አንዲት ነርስ። ነርሷ የመጣችው እውነቱን ለመናገር ለቡናው ነው።

ከዚያ በፊት ግን የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ እናንተ ላይ እንዳይደርስ። የፈቃድ ቅጼ ላይ «ድምፁን የምትሰማው አጥኚዋ ብቻ ናት» ብዬ ጽፌ ነበር። ስለዚህ ሰዎቹን መጥራት አልችልም። ቅጹን አስተካክዬ፣ እንደገና አስጸድቄ፣ ታካሚዎቹን አንድ በአንድ ፈልጌ ማስፈቀድ ነበረብኝ። ሁለት ወር ፈጀ። ያላገኘኋቸውን ሰዎች ቀረጻ ተውኩት። ከመጀመሪያው «እኔና በምስጢር ለመያዝ የተስማሙ ሌሎች ባለሙያዎች» ብትሉ ይህ ሁሉ አይመጣም። ደግሞ ቅጹን ለእናቶች አትስጧቸው፤ አንብቡላቸው። «እዚህ ላይ ይፈርሙ» ሲባል ብዙዎቹ ቤታቸው የሚወሰድባቸው ይመስላቸዋል። ይህ አካባቢ ደግሞ ስለ መሬትና ስለ ፊርማ የራሱ ትዝታ አለው። በቃል መስማማትን የሚፈቅድ አሠራር አለ። አማካሪያችሁን ጠይቁ።

እሁድ ላይ ነበርኩ። አንድ ሕግ አወጣሁ። ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የማንም ሊቅ ስም አይጠራም። የሰማችሁትን ብቻ ተናገሩ። ይህ ሕግ ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። አለበለዚያ ሰው የሚያዳምጠው ቀረጻውን ሳይሆን ያነበበውን ነው።

የእማማን ቀረጻ ከፈትኩ። 40 ሰከንድ ነው። ስምንት ጊዜ ሰማነው።

መጀመሪያ የተጣሉት ኢንጂነሩና የሥነ ሰቡ ልጅ ናቸው። እማማ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ «እንደምን ዋልሽ ልጄ፣ ደህና ነሽ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ እግዜር ይስጥሽ» ይላሉ። ልጅቷ «ወረቀቱን» ትላለች። ኢንጂነሩ ሰላምታው ምንም አዲስ መረጃ የለውም አለ። መልሱ ስለሚታወቅ ቢቆረጥም የሚጠፋ ነገር የለም። የሥነ ሰቡ ልጅ ጦፈ። ሕጉን ጥሶ የሥነ ሰብ ሊቁን የማሊኖቭስኪን ስም ጠራ። ማሊኖቭስኪ በ1923 የጻፈው ይኸንኑ ነው። አንዳንድ ንግግር ሐሳብ ለማስተላለፍ ሳይሆን ሰውን ከሰው ለማሰር ነው የሚነገረው። «ልጅቷ ሰላምታውን ስትቆርጠው የቆረጠችው ገመዱን ነው። ከዚያ በኋላ እማማ እንዴት ብለው ይጠይቋት?» አለ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር በመረጃ ሚዛን ባዶ፣ በዝምድና ሚዛን ሙሉ ሊሆን ይችላል። ይህችን ብቻ ይዤ ብወጣ እሁዱ አልከሰረም ነበር።

ቀጥሎ ስለ አንቱታው ተነሳ። ልጅቷ «ገባዎት?» ስትል ቆይታ ሰልፉ ሲረዝም «እሺ እናቴ፣ ነይ እዚህ ፈርሚ» ትላለች። ከአንቱታው ወደ አንቺ ወረደች። ንቀት ነው? ፍቅር ነው? ችኮላ ነው? «እናቴ» ስላለች አንቺታው ይጣፍጣል አሉ ሴቶቹ። ወንዶቹ አልተቀበሉም። እዚህ ላይ የስነ ልቦናው ሮጀር ብራውንና የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህሩ አልበርት ጊልማን በ1960 አብረው የጻፉት ይጠቅማል። አንተና አንቱ በሁለት ነገር ይመዘናሉ አሉ፤ በሥልጣንና በቅርበት። አውሮፓ ላይ ነው የሠሩት። የእኛ ሰፈር ላይ ስናመጣው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። አፋን ኦሮሞ የአፍ መፍቻቸው የሆነ አዛውንት በአማርኛ አንቺ ሲባሉና በቋንቋቸው «ኢሲን» ተብለው ሲከበሩ አንድ ስሜት አይሰማቸውም። ከተማው ወደ ገበሬው መንደር በተስፋፋበት እንዲህ ያለ ቦታ፣ ተውላጠ ስሙ ብቻ ሳይሆን የተነገረበት ቋንቋም ይቆጠራል።

ነርሷ እስከዚያ ድረስ ቡናዋን እየጠጣች ዝም ብላለች። (የእውነት ዝም። አጣርቻለሁ።) ስምንተኛው ዙር ላይ ሲኒውን አስቀመጠች።

«ቆይ፣ ቀዩ ምንድነው?»

«የቱ ቀይ?»

«ሴትዮዋ “ቀዩስ?” አሉ እኮ። ልጅቷ “ቀይ የለውም እማማ፣ ነጭ ነው” አለቻቸው። ቀዩ ቤታቸው ነው ያለው። ሌላ መድኃኒት አላቸው። ልቀጥል ወይስ ልተው ነው የሚሏት።»

ቤቱ ጸጥ አለ።

አራታችን ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ሰላምታ፣ ስለ አንቱታ ስንከራከር አንድ ሰዓት አልፎናል። እዚያች 40 ሰከንድ ውስጥ ሰው ሊጎዳ የሚችልባት አንዲት ጥያቄ ነበረች። ሁላችንም ሰምተናታል። እኔ እንዲያውም በጥንቃቄ ገልብጫታለሁ፣ «ቀዩስ?» ብዬ፣ የዝምታውን ርዝመት ሁሉ ለክቼ። ለእኔ ስለ ቀለም የተነሳች ተራ ጥያቄ ነበረች። ለነርሷ ግን የሥራዋ እንጀራ ናት።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ልጅቷ ሰማችኝና ደነገጠች። እማማን የሚያውቃቸው የበሩ ዘበኛ ነበር፣ ሰው ልኮ አስጠራቸው። የቀድሞውንም አዲሱንም እየወሰዱ ነበር። ሐኪሙ የቀድሞውን አስቆማቸው። ደህና ናቸው፣ ተመስገን። እኔ ግን ለቀናት ራሴን ወቅሻለሁ። ቀረጻው ስልኬ ውስጥ ሦስት ወር ተቀምጧል።

ስለዚህ ከጤና ጋር የተያያዘ ንግግር የምትቀዱ ከሆነ ሁለት ነገር አድርጉ። የመስኩን ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አስቀምጡ፣ በመጨረሻው አይደለም። የሚያሰጋ ነገር ከሰማችሁ ለማን እንደምትናገሩም የፈቃድ ቅጹ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ።

ዘበኛውን ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። ቀረጻውን አልሰማም፣ ፈቃድ አልነበረኝም። ዝም ብዬ በሩ ላይ አወራሁት። «ሰው መስኮቱ ጋ ሁሌ አዎ የሚለው ለምንድነው?» አልኩት። «ሰልፍ አለ እኮ! አዎ ብሎ ይወጣል። ከዚያ እኔ ጋ መጥቶ ይጠይቀኛል» አለኝ። እየተመላለስኩ አየሁ። እውነቱን ነው። ታካሚው ከመስኮቱ ወጥቶ፣ ከረጢቱን ከፍቶ፣ ዘበኛውን ወይም አግዳሚ ላይ የተቀመጠን ተማሪ ያስነብባል። አንዳንዴ በአማርኛ፣ አንዳንዴ በአፋን ኦሮሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም። የእኔ ጥናት «መስኮቱ» ይላል። ንግግሩ ግን የሚያልቀው በሩ ላይ ነው።

ዴል ሃይምዝ የሚባለው የሥነ ሰብና የቋንቋ ሰው በ1960ዎቹ ያለው ይህንኑ ነበር። ቋንቋውን ብቻ አታጥኑ፣ የንግግሩን ሁኔታ አጥኑ። የት፣ እነማን፣ ለምን ግብ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ቃና፣ በየትኛው ቋንቋና መንገድ፣ በምን ወግ፣ ምን ዓይነት ንግግር። «ስፒኪንግ» በሚል የስምንት ፊደል ማስታወሻ ይታወቃል። ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። «የት» የሚለው የመጀመሪያው ፊደል ላይ ግን ወድቄያለሁ።

አገራችን ላይ ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። በ1968 እና 69 የቋንቋ ሊቁ ቻርልስ ፈርጉሰን ያሉበት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ቡድን ሲሠራ፣ የቋንቋ ሰዎችና የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች አብረው ነበሩ። ገበያ ወጥተው ሻጭና ገዢ በየትኛው ቋንቋ እንደሚገበያዩ መዝግበዋል። ሰዋስው ብቻ አልቆጠሩም። ውጤቱ በ1976 በመጽሐፍ ወጥቷል። ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ፈልጉት።

እንግዲህ ስለዚያ «አዎ»። እማማ አዎ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ጓደኛዬ ማረጋገጫ ነው ትላለች፣ ቃሉ አዎ ነውና። ሼግሎፍ ግን በ1982 እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «አሃ» ስለሚሉት ነገር ሲጽፍ ብዙ ጊዜ «ቀጥል፣ ተራውን አልወስድብህም» ማለት ነው ብሏል። «ገባኝ» ማለት አይደለም። ቀረጻዎቹን አንድ በአንድ ሳይ እኔ ወደ ሼግሎፍ አደላሁ። ትንፋሿ የምትመጣው ልጅቷ ገና ሳትጨርስ ነው። የገባው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አዎ አይልም፣ ጥያቄ ይጠይቃል። እንደ «ቀዩስ?»።

አሁን ስለ ወጥመዶቹ በፍጥነት።

አንደኛው 93 በመቶ ነው። ሥልጠና የወሰደ ሁሉ ይለዋል። «ከተግባቦት 93 በመቶው ከቃል ውጭ ነው፤ 7 ቃል፣ 38 ድምፅ፣ 55 ፊት።» አልበርት ሜህራቢያን የተባለ የሥነ ልቦና ሰው በ1967 ባወጣቸው ሁለት ጥናቶች ላይ የተመሠረተ ነው። ጥናቶቹ የተናጋሪው የመውደድና የመጥላት ስሜት እንዴት እንደሚነበብ ነው የፈተኑት፣ በነጠላ ቃላትና በፎቶ። ስለ ንግግር ሁሉ አይናገሩም። ራሱም ይህን አስረድቷል። እስቲ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ»ን 93 በመቶ በፊታችሁ ንገሩ! እኔ የሰለጠንኩበት አዳራሽ ውስጥ ይህ ስላይድ ሲታይ ሁላችንም ፎቶ አንስተነዋል። ፕሮፖዛሌ ላይም ነበር። አማካሪዬ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ሰረዘው።

ሁለተኛው የእኛው ነው። ሰምና ወርቅ። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን በ1965 መጽሐፉን በዚህ ስም ካወጣ ወዲህ፣ የማይገባንን ንግግር ሁሉ በሰምና ወርቅ መፍታት ቀላል ሆኗል። ቅኔ ቤት ያለው ሰምና ወርቅ ትልቅ ነገር ነው። ግን ታካሚ «እሺ» ብሎ ሳይመለስ ሲቀር ሰምና ወርቅ ላይሆን ይችላል። የታክሲ ስለሌለው ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የታክሲውን ጠይቁ።

ሦስተኛው ክምር ነው። ምዕራፍ ሁለት ላይ አሥር ዘርፍ መደርደር ሁለገብ አያደርግም። ጽሑፌን ስከላከል አንዱ ፈታኝ «ይህ የማን ዲፓርትመንት ሥራ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ላቤ ወረደ። የመለስኩት «የጥያቄው» ብዬ ነው። አልወደደውም፣ ግን አሳለፈኝ። ሌላ ቦታ ቢሆን ላያልፍ ይችላል። ስለዚህ አንድ ዋና ቤት ይኑራችሁ። የእኔ የንግግር ትንተና ነበር። ሌሎቹ እንግዶች ናቸው፣ ግን የሚናገሩ እንግዶች።

ለሥራው የሚያስፈልጋችሁ ብዙ ገንዘብ አይደለም። ፕራት የሚባለው የድምፅ መለኪያ ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፤ አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሁለት ሰዎች የሠሩት ነው። ኤላን ደግሞ ከኔዘርላንድ የማክስ ፕላንክ የሥነ ልሳን ልቦና ተቋም ነው፣ እሱም ነፃ። ኤላን ላይ በግዕዝ ፊደል ጽፌያለሁ። ዋናውን ቀረጻ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አትንኩት፤ ማጥራት ካለባችሁ ቅጂውን አጥሩ። ጊዜውን በደንብ ቁረጡ። በጥንቃቄ ስገለብጥ አንዷ ደቂቃ አንድ ሰዓት ትበላብኝ ነበር፣ ጫጫታ ካለበት ከዚያም በላይ። 60 ሰዓት ቀድቼ መጥቻለሁ የሚል ተማሪ ሳገኝ አዝንለታለሁ። 20 ጥሩ ደቂቃ ይበቃል።

ርዕስ ለምትፈልጉ አንድ ላቀብላችሁ። በ2009 አንድ ቡድን በ10 ቋንቋዎች የጥያቄና የመልስን ክፍተት ለካ። የቋንቋ፣ የሥነ ሰብና የሥነ ልቦና ሰዎች ነበሩበት። አማካዩ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ጃፓኖች ፈጣኖቹ፣ ዴንማርኮች ዘገምተኞቹ ሆኑ። አንድ ቃል አስቦ ለማውጣት ደግሞ አእምሮ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁላችንም ሌላው ሳይጨርስ መልሳችንን እያዘጋጀን ነው። ከ10ሩ ቋንቋዎች ውስጥ አንድም የኢትዮጵያ ቋንቋ የለም። ትንፋሽን መልስ ብለን ብንቆጥር የእኛ ስንት ይወጣ ይሆን? ስልክና ፕራት ያለው ሰው ሊጀምረው ይችላል።

ጽሑፌ ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ለልጄ መድኃኒት ልወስድ ወደዚያው መስኮት ሄድኩ። ልጅቷ አሁን «ገባዎት?» አትልም። ነርሷ ያስተማረቻትን ነው የምትለው። «እስቲ ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ ምን ብለው ይነግሩታል?» ከፊቴ የነበሩት እኚያው እማማ ነበሩ። እኔን አላወቁኝም።

«ነጩን ጠዋትና ማታ። ቀዩን ትቼዋለሁ።»

«ጎሽ! የሚቀጥለው ወር ይመለሱ፣ እሺ?»

እማማ ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና አየሩን ሳብ አደረጉ። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ አልቀዳሁም። ታክሲ ውስጥ ስገባ የትኬቱ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። መጀመሪያ ነጥቡን፣ ከዚያ ህ፣ ከዚያ ህ።